ለተዳፋቱ የተመረጠ ማዘርቦርድ

በዚያ ዓመት ግንቦት ላይ ሙሉብርሃንን እንቅልፍ የነሳት ሥራ ማንም ያዘዛት አልነበረም። ቦንጋ፣ በዞኑ አንድ መሥሪያ ቤት ካርታ መሥራት ከጀመረች ስድስት ዓመቷ ነው። ለፋሲካ ከሺሺንዳ ወጣ ብሎ ወዳለው የአክስቷ የእትዬ የሺሃረግ መንደር ስትሄድ ግን ከቤቶቹ ጀርባ ባለው ተዳፋት ላይ፣ ከቡናው ከፍ ብሎ፣ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ አየች። ረጅም ነው። የመንደሩ ሰዎች አምና ጣት አያስገባም ነበር አሏት።

ስትመለስ የአፈሩን፣ የዝናቡንና የተዳፋቱን መረጃ ሰብስባ፣ መሬቱ ቢናድ የቱን ቤት እንደሚወስድ የሚያሰላ ፕሮግራም ላይ ጫነችው። ፕሮግራሙ በቢሮዋ ኮምፒውተር ዘጠኝ ሰዓት ይፈጃል። መሃል ላይ መብራት ከጠፋ ደግሞ የሠራውን ሁሉ ጥሎ ከሀ ይጀምራል። ቦንጋ ላይ መብራት ዘጠኝ ሰዓት ሳይጠፋ የሚቆይበት ቀን ብርቅ ነው። የቢሮው ጄኔሬተር ከተበላሸ ሁለት ዓመቱ ነው፤ ባትሪውም ሃያ ደቂቃ አይዘልቅም። አምስት ጊዜ አስጀመረች፣ አምስት ጊዜ ተቋረጠ። በመጨረሻው አርባ ደቂቃ ብቻ ሲቀረው ነበር የጠፋው። 

በማግስቱ ኮምፒውተሩን አስፈቅዳ ወደ ኢሳይያስ ወሰደችው። ኢሳይያስ አብሯት የተማረ፣ መናኸሪያው አጠገብ ኮምፒውተር የሚጠግን ሰው ነው። ክዳኑን ፈታና ሲያይ ቆይቶ ሳቀ።

«ፕሮሰሰሩ እኮ ጎበዝ ነው» አላት። «ስሙ መጨረሻ ላይ ኬ ፊደል አለች። እሷ ያለችበት ፕሮሰሰር ፋብሪካው ከወሰነለት ፍጥነት በላይ ማስሮጥ ይቻላል። ያሰረው የተቀመጠበት ሰሌዳ፣ ማዘርቦርዱ ነው። ሰንጋ ፈረስ አህያ ጋጥ ውስጥ አስራችኋል።»

«ብንቀይረው ምን ያህል ይሮጣል?»

«አሁን በሦስት ነጥብ ሰባት ጊጋኸርዝ ነው የሚሄደው። አራት ነጥብ ስድስት ይደርስልሻል። ከዚያ በላይ አትመኚ፤ ይግላል።»

እስክሪብቶ አውጥታ አካፈለች። ዘጠኙ ሰዓት ወደ ሰባት ሰዓት ከሩብ ይወርዳል። ከዚያ በላይ አልፈለገችም። ሰባት ሰዓት ከሩብ ቦንጋም አንዳንዴ ትሰጣለች።

ለግዢ ክፍል ብታመለክት መልሱ ለሚቀጥለው ክረምት እንደሚደርስ ስለምታውቅ ከራሷ ልትገዛው ወሰነች። አዲስ አበባ ያለ ነጋዴ የሦስት ማዘርቦርዶች ፎቶ በቴሌግራም ላከላት። አንዱ እንደ ገና ዛፍ በመብራት ያሸበረቀ ነው። ኢሳይያስ ወደደው። እሷ ግን ለሁለት ሳምንት ስልኳ ላይ ስታነብ ሰንብታ ነበርና ፎቶውን አስፍታ አንድ ቦታ አሳየችው፤ ለፕሮሰሰሩ ኤሌክትሪክ የሚመጥኑት ትናንሽ ክፍሎች ያለ ማቀዝቀዣ ራቁታቸውን ናቸው።

«ሰባት ሰዓት ሙሉ ሲሠራ እነዚህ ይግላሉ። ሲግሉ ፍጥነቱን መልሶ ይቀንሰዋል። የእኔ ጉዳይ ደግሞ ሰባት ሰዓት ሙሉ መሮጡ ነው።»

ሁለተኛው ለውድድር የሚሠራ፣ ሁሉ የሞላለት ነበር። ለእነሱ ልከኛ ፍጥነት ይበዛል። ሦስተኛው ግራጫ ነው፣ ለዓይን አይሞላም። ነገር ግን ኤሌክትሪክ መጣኞቹ ብዙ ናቸው፤ በላያቸውም ሙቀት የሚወስድ ወፍራም አሉሚኒየም ተደፍቶባቸዋል። ሰሌዳውን የሚቆጣጠረው ቺፕሴትም ፍጥነት መጨመር የሚፈቅደው፣ በዜድ የሚጀምረው ዓይነት ነው። እሷም ለነጋዴው ደውላ የፕሮሰሰሩ መሰኪያ መርፌዎች አለመጣመማቸውን በፎቶ አሳየኝ አለችው።

«እህቴ፣ ባል የምትመርጪ ነው የምትመስይው» አላት ነጋዴው።

«ባል ቢሆን ይህን ያህል አልጠይቅም ነበር» አለችው።

በጅማ በኩል በመጣ አውቶቡስ በአራተኛው ቀን ደረሰ። ኢሳይያስ ገጠመው። ፍጥነቱን በአንዴ አላወጡትም፤ አራት ነጥብ ሁለት፣ ቀጥሎ አራት ነጥብ አራት፣ ቀጥሎ አራት ነጥብ ስድስት እያሉ፣ በየመሃሉ ሙቀቱን እያዩ ወጡ። አራት ነጥብ ሰባት ላይ ደርቆ ቀረ። አንድ እርምጃ መለሱትና ሁለት ቀን ሙሉ መብራት ባለ ቁጥር ያለ ርኅራኄ አሠሩት። ንቅንቅ አላለም። ሙሉብርሃን እጇን ከአሉሚኒየሙ አጠገብ አድርጋ ሙቀቱን ስትለካ፣ ከፋሲካ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ልቧ ቀለል አላት።

ሐሙስ ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ አስጀመረችው። ሰባት ሰዓት ከሩብ ሲሆን አለቀ። መብራቱ ለስምንት ሩብ ጉዳይ ሲል ጠፋ።

በሰኔ ወይም በሐምሌ ሳይሆን፣ ዝናቡ መሬቱን አጥግቦ ሲያበቃ፣ በነሐሴ አጋማሽ ይናዳል ይላል ካርታው። አሥራ አንድ ቤት ቀይ ሆኗል። የአክስቷ ቤት ከላይ ሦስተኛው ነው።

አትማ ለአለቃዋ ለአቶ ተድላ ወሰደችላቸው። አቶ ተድላ ክፉ ሰው አይደሉም። መነጽራቸውን አድርገው ከላይ እስከ ታች አዩት።

«ጥሩ ሥራ ነው» አሉ። «አምኜበታለሁ። ወዴት እናንሳቸው ትያለሽ?»

«ከመንደሩ ወንዝ ማዶ ብዬ ነበር።»

«ማዶው ጥብቅ ደን ነው። ከታች ያለው የሰው ቡና ነው። ከላይማ አንቺው ቀይ ቀብተሽዋል።» ወረቀቱን በሁለት እጃቸው መለሱላት። «ለበላይ እጽፋለሁ። ደብዳቤው ግን መሬት አይሆንም፣ ሙሉብርሃን።»

ቅዳሜ ወደ መንደሩ ሄደች። እትዬ የሺሃረግ ካርታውን ጉልበታቸው ላይ ዘርግተው በጣታቸው ቤታቸውን ፈለጉ። ስታሳያቸው በአገሩ ቋንቋ፣ በካፊኖኖ፣ ለራሳቸው የሆነ ነገር አጉተመተሙና ወደ አማርኛ ተመለሱ።

«ውሸት ነው አላልኩሽም፣ ልጄ። ስንጥቁን እኔም አየዋለሁ።»

«እንግዲያው እኔ ጋ ይምጡ። ክፍል አለኝ።»

«እንሰቱንስ ማን ይጠብቃል? ስምንት ዓመት ያሳደግኩት ነው፣ ዘንድሮ ነው የሚፋቀው። ከተማ ገብቼ አንቺን ቆጮ ግዢልኝ ልበልሽ?» ካርታውን አጥፈው ሰጧት። «ለሌሎቹ ንገሪያቸው። ልጅ ያላቸው ይሂዱ።»

ነገረቻቸው። ማሙሽ የሚባል ጎረቤትና አንድ ሌላ ቤተሰብ አምነዋት ቢታ ገነት ወዳሉ ዘመዶቻቸው ሄዱ። በአሥራ ሁለተኛው ቀን ተመለሱ። ዘመድ ቤት ስድስት ሰው ይዞ ስንት ቀን ይታደራል? ጓሮውም ቡናውም ያለው እዚህ ነው። ማሙሽ መንገድ ላይ ሲያገኛት ዓይኑን ሰበረ። «አልናቅኩሽም» አላት። «መቆያ አጣሁ።»

ነሐሴ አሥራ ዘጠኝ፣ ሦስት ቀን ያላባራ ዝናብ ቆም ባለበት ከሰዓት፣ ተዳፋቱ ወረደ። ዘጠኝ ቤት ወሰደ። ማሙሽና ሚስቱ ከቤት ውጪ ስለነበሩ ተረፉ፤ ሁለቱ ልጆቻቸው አልተረፉም። እትዬ የሺሃረግን በሦስተኛው ቀን ከእንሰታቸው ግርጌ አገኟቸው። ሙሉብርሃን ከቀብሩ መልስ ማሙሽን ስትቀርበው ትከሻዋን ይዞ አለቀሰ። 

ከአርባው በኋላ ቢሮ ስትገባ አቶ ተድላ ራሳቸው ወደ ጠረጴዛዋ መጡ። ፊታቸው ጠቁሯል። አንድ ወረቀት አስቀመጡላት፤ ከደካ እስከ ሺሺንዳ ስንጥቅ የታየባቸው አሥራ ሰባት ተዳፋቶች ተዘርዝረውበታል።

«የበላይ አካል አሁን ካርታ ይፈልጋል» አሏት። «ያ ማሽንሽ ይችለዋል?»

«መብራት ካለ በቀን አንድ ይጨርሳል።»

«እንግዲያው ጀምሪ።»

«ቀይ የሆኑትን ወዴት እንወስዳቸዋለን ጋሽ ተድላ?»

አቶ ተድላ መነጽራቸውን አውልቀው በከረባታቸው ጫፍ ሲጠርጉ ቆዩ፤ ከጠሩም በኋላ መጥረጋቸውን አልተዉም። ከዚያ ወደ ክፍላቸው ሄዱ።

ሙሉብርሃን የመጀመሪያውን ተዳፋት ጫነች። ማዘርቦርዱ አልከዳትም፤ ሙቀቱ ልክ ነው፣ ፍጥነቱም አልወረደም። ሰባት ሰዓት ከሩብ ሲሆን ካርታው ወጣ። ሃያ ሦስት ቀይ ቤቶች ነበሩበት። የሁለተኛውን መረጃ ከፈተች።