ሙቀት ተሸካሚው

የይጁቤ የሐምሌ ብርድ ለሰው አያዝንም። የጎረቤቴ የእትዬ ቀድሪያ ጉልበት ቢያብጥ፣ ድሬዳዋ የሚኖረው ልጃቸው ሪያድ ግድግዳ ላይ የሚሰቀል ማሞቂያ ላከ። ማሞቂያው ካልሠራ እናቱን ክረምት ክረምት ሊወስዳቸው ቆርጧል። ባላቸው ጋሽ አብዱልቃኒ ደግሞ ሱቃቸውን ጥለው አይሄዱም። "ትሂድ፣ እኔ ምን እሆናለሁ" ይላሉ፤ እንዲያ ባሉ ቀን ስኳር ለጠየቀ ጨው ይመዝናሉ።

የምንጠቀመው በአንድ ቆጣሪ ነው። የኤሌክትሪክ ምድጃዬን ከመለኮሴ በፊት በአጥሩ ላይ "ልለኩስ ነው" እላለሁ፤ እነሱ ካውያቸውን ይነቅላሉ። ማሞቂያውን የሰቀለው ባለሙያ፣ ብሬከሩ ከአራት ሺህ ዋት በላይ እንደማይችል ነግሮናል።

ጋሽ አብዱልቃኒ መነጽራቸውን አድርገው የማሽኑን ጎን አነበቡ።

"ሦስት ሺህ ስድስት መቶ። የአንቺ ምድጃ ሁለት ሺህ። አይችለውም ሥራነሽ፤ ይነቀል።"

"ምድጃዬን እተወዋለሁ።"

"ልጆችሽ ምን ሊበሉ?"

"እርስዎ ሱቅ ብስኩት መች ጠፋ።"

አልሳቁም። የስልኩን ድምፅ ለሁላችን ከፍተን ለሪያድ ደወልን።

"አባባ፣ ያነበቡት የሚሰጠውን ሙቀት ነው። የሚበላው ከታች አለ።"

ከታች አንድ ሺህ ሁለት መቶ ይላል።

"የበላውን ሦስት እጥፍ የሚሰጥ ምን ፍጥረት ነው?"

"ሙቀቱን እሱ አይሠራውም፤ ከውጭ አየር ለቅሞ ያስገባል። መብራቱ ለማጓጓዣው ነው።"

"ውጭ ያለው ብርድ ነው እኮ።"

"ብርድም ውስጥ ሙቀት አለ፤ ማሽኑ ይደክማል እንጂ። ለክፉ ቀን አንድ ሺህ አምስት መቶ ብለው ይያዙ።"

እትዬ ቀድሪያ ከአልጋቸው ሆነው፣ "እንግዲያ ተሸካሚ ነዋ" አሉ። "አንተ ሰውዬ፣ ለተሸካሚ የጤፉን ዋጋ ከፍለህ ታውቃለህ?"

ከምድጃዬ ጋር ሦስት ሺህ አምስት መቶ። ፍሪጁና አምፖሉ ቢጨመሩም አራት ሺህ አይሞላም። ማሞቂያውን ከፈቱት፤ እኔም ሄጄ ሽሮዬን ጥጄ ተመለስኩ። ጋሽ አብዱልቃኒ የረመዳንን ጨረቃ እንደሚጠብቅ ሰው አምፖሉ ላይ አፍጥጠዋል።

አልጠፋም።

"ውጭ የተሰቀለው ሳጥኑ ግን የእናንተን ብርድ ወደ ግቢዬ ነው የሚተፋው" አልኩ። "ለዚህስ ካሣ የለውም?"

ስልኩ አልተዘጋም ኖሯል። "ታዲያ እማማን መቼ ልውሰዳት?" አለ ሪያድ።

ጋሽ አብዱልቃኒ ስልኩን ለሚስታቸው ሰጡ።

እትዬ ቀድሪያ እግራቸውን ወደ ሙቀቱ ዘረጉ። "ለመውሊድ ና" አሉት። "ለመብላት እንጂ ለመውሰድ አይደለም።"

ጋሽ አብዱልቃኒ "ሱቅ ልክፈት" ብለው ፊታቸውን አዙረው ወጡ። ሱቁ ከጠዋት ጀምሮ ክፍት ነበር።