እየቆየ የሚያሳልፍ ሣጥን

ከሚሌኒየሙ ማግሥት፣ መብራት በፈረቃ በሚመጣበት ዘመን፣ በወላይታ ሶዶ ከልብስ ሰፊው ኤርሳዶ በላይ ሰማይ የሚጠብቅ ሰው አልነበረም። ዳሞታ ተራራ ገና የደመና ቆቡን ሲደፋ እሱ ከስፌት መኪናው ተነሥቶ፣ ክሩን በጥርሱ እንደ ነከሰ፣ ግማሽ ከተማውን በሩጫ አቋርጦ ቤቱ ይገባና የቴሌቪዥኑን ሶኬት ይነቅላል። ሲሮጥ ያየው ባጃጅ ሁሉ መንገድ ይለቅለት ነበር፤ ያላመነ ቦዲቲ ድረስ ሄዶ ይጠይቅ።

«ጋሽ ኤርሳዶ፣ መብረቁ አንተን የመሰለ ሸበላ ትቶ ሣጥን ምን ያደርግለታል?» ትለዋለች ጎረቤቱ አገርነሽ ከአጥሯ ላይ።

«ሳቂ አንቺ! የሚስቴ እግር እኮ ነው!»

እውነቱን ነበር። ሚስቱ አስናቀች ከወገቧ በታች አልታዘዝ ካላት ወዲህ አልጋ ላይ ናት። ቴሌቪዥኑ ሳይመጣ በፊት እህልም ቃልም ትታ ነበር። ከመጣ በኋላ ግን ተኝታ ዓለምን የምትዞር፣ ዜና አንባቢውን በክራባቱ የምታማ ሴት ሆነች።

ለዚህ ነው ኤርሳዶ ጥጃ የሚያህል ስታብላይዘር የገዛው። መብራት ሲዋዥቅ ያረጋጋል፤ ሄዶ ሲመለስም ወዲያው አያሳልፍም። ቀይ አብርቶ ይቆያል፣ መጤውን ይፈትሻል፣ ከዚያ ነው «ቀጭ» ብሎ የሚለቀው። የሸጠለት ቴክኒሻን ሄኖክ «ጋሼ፣ የሚያድናችሁ ይሄ መቆየቱ ነው» ብሎታል። አስናቀች ግን መቆየቱን እንደ ጣውንት ጠላችው።

«ምን ይቆጥራል? የኔን ዕድሜ ነው?»

ያን እሑድ የተከታታይ ድራማው መጨረሻ ነበር። ከእናቷ የተኳረፈችው ልጅ ወይ ትታረቃለች፣ ወይ ላትመለስ ትሄዳለች። ሊጀምር ሲል ሰማዩ ተተረተረ፤ በብልጭታው ሁምቦ ላይ መርፌ የጠፋበት ሰው መርፌውን ያገኝ ነበር። ኤርሳዶ ሶኬቱን ነቀለ፤ ወዲያው መብራትም ሄደ። ቆይቶ ዝናቡ ጋብ አለ፣ ነጎድጓዱም ራቀ።

«በል መልሰው» አለች አስናቀች።

«መብራት እኮ የለም፣ አስኑ።»

«ሲመጣ እንዳያመልጠኝ ነዋ! ደግሞ በዚያ ዕድሜ ቆጣሪ ሣጥን በኩል አይደለም፣ በቀጥታ ግድግዳው ላይ ሰካው።»

«ሄኖክ ያለንን ረሳሽው?»

«መብረቁም ሄዷል፣ መብራቱም ሄዷል። ባዶ ሽቦ ምን ያደርጋል? ልጅቷ ሳላያት ልትሄድብኝ ነው፣ ኤርሳዶ።»

የሄደ ነገር አይገድልም ብሎ አሰበ። ሠፈሩ ሁሉ የሚያስበው እንዲሁ ነው፤ ቴሌቪዥኑን እንደ ተከፈተ ትቶ የመብራትን መምጣት በድምፁ የማያውቅ ቤት አልነበረም። ሰካው።

መንደሩ «መጣ! መጣ!» ብሎ ሲጮህ አምፖሉ እንደ ቀትር ፀሐይ ነጣ፤ ቀጥሎ ዷ አለ። ከቴሌቪዥኑ ጀርባ ጭስ ወጣ። ስታብላይዘሩ ምንም ሳይነካው ወለሉ ላይ ተቀምጧል።

በማግሥቱ ሄኖክ ከፍቶ አሸተተና መልሶ ዘጋው።

«ከሥሩ ነዷል። ዕቃም አይገኝለት። ከትናንት ጀምሮ እኔ ጋ የመጣው ሁሉ እንዲሁ ነው ጋሼ። የፈጀን መብረቁ አይደለም፣ የመብራቱ አመጣጥ ነው።»

አስናቀች ስለ ቴሌቪዥኑ አልጠየቀችም። «ልጅቷ ታረቀች?» ብቻ አለች።

ኤርሳዶ ሊጠይቅ ወጣ። አገርነሽም ተቃጥሎባት ኖሮ የምትስቅበት አፍ አልነበራትም። ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ጠየቀ፤ መናኸሪያ ወርዶ ከሻንቶ የመጡትን ተሳፋሪዎች ጠየቀ። ያን ሰዓት መብራት ያልሄደበት አገር አልነበረም።

ተመልሶ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠ።

«ታረቀች» አላት። «ተቃቀፉ፣ አለቀሱ፣ ሠፈሩ ሁሉ እልል አለ...»

«ማን አየ?»

ኤርሳዶ ብርድ ልብሷን ወደ ላይ ሳበላት።

«ፊቴን ወደ ግድግዳው አዙርልኝ» አለችው።

በሁለት እጁ ደግፎ አዞራት፤ ትራሷንም አስተካከለላት። ከዚያ ወዲያ ሾርባ ይዞ ቢመጣም፣ ስሟን ደጋግሞ ቢጠራም፣ መልሰህ አዙረኝ አላለችውም።