በልቅሶ ቤት ስለተገኘው ሽታ

በልቅሶው በሦስተኛው ቀን፣ ሐሙስ ከረፋዱ አምስት ሰዓት ላይ፣ ሠላሳ የሚሆን ለቀስተኛ በተገኘበት፣ ቤቱ እንደሚሸት በይፋ ተገለጸ።

ይፋ ያደረገው የሟቿ አማች ነው። አማቹ የመድን ድርጅት ሠራተኛ ነው፤ አንድን ጉዳት አይቶ ሳያስመዘግብ የሚያልፍ ሰው አይደለም። የሻይ ብርጭቆውን አስቀመጠ፣ ጉሮሮውን ጠረገ፣ «ይቅርታ አድርጉልኝና» አለ፣ «የሆነ ነገር ይሸታል።»

ለማንም አዲስ ነገር አልነበረም። ከማክሰኞ ጀምሮ እዚያ ቤት መሐረብ የያዘ ሁሉ ለእንባው ብቻ ብሎ አልያዘም።

ሚስቱ የሞተችበት ቀቢ ግን ጥጉ ላይ ካለው ወንበሩ ሆኖ ግራ ቀኙን አየ። ሠላሳ አራት ዓመት ሙሉ ቲነርና የዘይት ቀለም ሲተነፍስ ኖሯል፤ አፍንጫው አሁን የሚያገለግለው መነጽር ለማስቀመጥ ነው።

«ምን ዓይነት ሽታ?» አለ።

«አባባ፣ እርስዎ አይጨነቁ።»

«አልተጨነቅኩም። ምን ዓይነት ነው ያልኩህ?»

አማቹ ሚስቱን አየ። ሚስቱ፣ የቀቢው አንድ ልጅ፣ ፋርማሲስት ናት፤ መድኃኒት ስትሰጥ እንደለመደችው ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «አባዬ፣ አንዴ ና» አለችውና ወደ ማድ ቤት ወሰደችው። በሩን ዘጋች።

«ሰው እኮ እያወራብን ነው።»

«ያውራ። ሊያወራ አይደል የመጣው?»

«እማዬ ከሞተች ገና ሦስት ቀኗ! በሦስት ቀን ቤቱ እንዲህ ከሆነ በሦስት ወር ምን ሊሆን ነው? ልብስህን መቼ ነው የቀየርከው?»

«ዛሬ ጠዋት።»

«ተቆጣህ። እኔ እኮ ያልኩት አይሸትህም ነው። ወተት ቢበላሽ አይሸትህ፣ ጋዝ ቢያፈስ አይሸትህ። እዚህ ብቻህን ትቼህ እንቅልፍ አይወስደኝም። ጨርሰናል፤ እሁድ ለቀስተኛው ሲበተን እኛ ጋ ትገባለህ። ቤቱ ይከራያል።»

«ጨርሰናል? እነማን ናችሁ የጨረሳችሁት?»

«እኔና እሱ።»

«እኔስ የት ነበርኩ?»

«ተኝተህ።»

ይህን ብላ ከቦርሳዋ አንድ ቆርቆሮ የቤት ሽቶ አወጣች። ላዩ ላይ የተራራ አበባ ተስሏል። ክዳኑን ልትከፍት ስትል ቀቢው ከእጇ ወሰደውና ቆሻሻ መጣያው ውስጥ ከተተው።

«በዚህ ቤት ሽቶ አይረጭም» አላት።

ያ የሱ ቃል አልነበረም። የሟቿ ነው።

ሟቿን በስሟ የሚጠራት ሰው አልነበረም። በአንድ ትልቅ ሆቴል የክፍሎች ጽዳት ኃላፊ ሆና ሃያ ዘጠኝ ዓመት ሠርታለች፤ ከጥበቃው እስከ ሥራ አስኪያጁ ድረስ «ኢንስፔክተሯ» ነበር የሚሏት። ቀቢው ያወቃት ሁለተኛ ፎቅ ላይ አንድ መኝታ ክፍል ቀብቶ ጨርሶ እጁን ሲጠርግ ነው። መጥታ በሩ ላይ ቆመች። ወደ ውስጥ አልገባችም። አንድ ጊዜ ብቻ አየር ሳበች።

«ከቀለሙ ሥር ሻጋታ አለ።»

«የለም።»

«ከመስኮቱ በታች፣ በግራ በኩል።»

«እመቤቴ፣ ቀቢው እኔ ነኝ።»

«አፍንጫው ደግሞ የኔ ነው። ፋቀው።»

ሻጋታው ነበረ። ለምሳ ልድረስ ብሎ ቀብቶበት ነበር። ግድግዳውን ሙሉ ፋቀው፣ በሦስተኛው ወር ደግሞ አገባት። እንዴት ተጋባችሁ ለሚለው ሁሉ መልሱ አንድ ነበር፤ «ሌላ ማምለጫ አልነበረኝም።»

ቀቢው ከማድ ቤት ወጥቶ ሳሎኑ መሐል ቆመ። ወሬው ቀጥ አለ።

«ስሙኝ። ይሸታል አላችሁ። እሺ። እኔ ደግሞ እስከ እሁድ አገኘዋለሁ። ካገኘሁት እዚሁ ቤቴ እኖራለሁ። ካላገኘሁት ልጄ እንዳለችው ሻንጣዬን ይዤ እወጣለሁ። ሰምታችኋል?»

የሚባለው ነገር የጠፋበት አንድ ሽማግሌ ከኋላ «ነፍስ ይማር» አለ።

«ሰምተናል» አለች ሲስተር። ሲስተር የግድግዳ ጎረቤታቸው ናት፣ ጡረታ የወጣች ነርስ፤ ከሟቿ ጋር ሃያ ዓመት ሙሉ ተጣልታ ሃያ ዓመት ሙሉ ታርቃለች።

ልጁ ከኋላው መጥታ «በምንህ ልታገኘው?» አለችው፤ ቀስ ብላ፣ ልታሳፍረው ሳይሆን የምር ግራ ገብቷት።

«እሱን ለኔ ተይው።»

ለሱ የተተወው ነገር ምን እንደሆነ እሱም አያውቅም ነበር። ዓርብ ጠዋት ቤቱን ዞረ። ፍሪጁን ጎተተ፣ ምንጣፍ ገለበጠ፣ ተንበርክኮ የአልጋ ሥር አየ። አንድ ካልሲ አገኘ። ለቀስተኛው በየመሐሉ እግሩን እያነሳ አሳለፈው። ሁለት ሴቶች «ሐዘኑ ነው ያዞረው» ተባባሉ፣ ሦስተኛዋ «ዱሮም እንዲህ ነበር» አለች።

ከሰዓት በኋላ ከሆቴሉ አንዲት ሴት መጣች። የልብስ ማጠቢያ ክፍሉ ኃላፊ ናት፤ ሰፊ፣ ድምፀ ጎርናና፣ ስታለቅስም እንደ ማሽኗ የምትንቀጠቀጥ። አልቅሳ ስታበቃ ወሬ አነሳች።

«እኔ ገና አዲስ ተቀጣሪ ነበርኩ» አለች። «ሦስተኛ ፎቅ ኮሪደሩ ሸተተ። ሥራ አስኪያጁ ‹ይቺ ልጅ አትታጠብም፣ ትባረር› አለ። በሰው ፊት! ኢንስፔክተሯ ምን አለችው? ‹እስካገኘው ድረስ ከዚህ ፎቅ ማንም አይወጣም፤ አንተም ጭምር።›»

«አንተ አለችው?» አለ አማቹ።

«አንተ! ከዚያ የሚጠረጠረውን ሁሉ ለየብቻ በላስቲክና በወረቀት ፕላስተር አሸገችው። መታጠቢያውን፣ ምንጣፉን፣ የኔንም ሽርጥ። አፍንጫ ቤቱ ውስጥ ሲቆይ ይለምዳል፣ ሁሉም አንድ ዓይነት ይሆንበታል ትል ነበር። በማግስቱ ውጭ ቆይታ ገባችና አንድ አንዱን እየከፈተች አሸተተች። ሽርጤ ንጹሕ። ምንጣፉ ንጹሕ። ለካ ማንም ሳያይ የሥራ አስኪያጁን ቁም ሣጥን አሽጋለች! አንድ ሰው ዓሣ በስጦታ ሰጥቶት ረስቶታል። ሪፖርት ጻፈች። ‹የሽታው ምንጭ፦ ሥራ አስኪያጁ።›»

ልቅሶ ቤቱ ሳቀ፤ ከዚያም ሳቁ አስደንግጦት መሐረቡን አነሳ። ቀቢው ግን ብድግ ብሏል። ላስቲክና የወረቀት ፕላስተር ነው ያለችው? እሱ ቤት ከዚህ ሌላ ምን ሞልቷል?

ቅዳሜ ለሐዘን የመጣ ሰው ያየውን ማመን አቃተው። ሐዘንተኛው መሰላሉን ሳይቀር አውጥቶ፣ ፕላስተር በጥርሱ እየቆረጠ፣ ቤቱን ያሽጋል።

«አፈሯ ሳይደርቅ ቤት ሊያስቀባ ነው?» ተባለ በር ላይ።

«ኧረ ራሱ ነው የሚቀባው!»

«ምን ቀለም ይሆን?»

የማድ ቤቱን መታጠቢያ አሸገ። የፍሪጁን ጀርባ አሸገ። ትንሿ መታጠቢያ ቤት ገብቶ ወለሉ ላይ ያለውን የውሃ መውረጃ አሸገ። ልጁ ከኋላ ከኋላው ትከተለዋለች።

«እዚህ ሁሉ አትድከም። እኔ ልንገርህ፣ የእማዬ ቁም ሣጥን ነው። የታመመችበት ልብስ ሁሉ እዚያ ነው ያለው። ዛሬውኑ እናውጣው፣ እንስጠው።»

ቁም ሣጥኑን ከፈተ። ግራጫ ሹራቧን፣ በመጨረሻዎቹ ሳምንታት ከላይዋ ያልወረደውን፣ አጥፎ ፌስታል ውስጥ ከተተና አፉን በፕላስተር ጠመጠመው። ከዚያ የራሱን የሥራ ጃኬት አወጣ።

«ይሄ ደግሞ ለምን?»

«ተጠርጣሪ ነዋ። ልብስህን መቼ ቀየርክ አላልሽም?»

ልጁ ቀላች። እሱ ግን የጃኬቱን ፌስታል ከሌሎቹ ይበልጥ አጥብቆ ነው ያሸገው፤ ዳኛው አደላ እንዳይባል።

እሁድ ከምሳ በፊት፣ ቀቢው «አፍንጫሽን አውሺኝ» ያላት ሲስተር ለሩብ ሰዓት ያህል መንገድ ላይ ወዲያ ወዲህ ብላ ገባች። አሥራ ሁለት ሰው ከኋላዋ ተሰለፈ። አማቹ ወረቀትና እስክሪብቶ ይዟል፤ ማንም አላዘዘውም።

የማድ ቤቱ መታጠቢያ ላይ ላስቲኩን በጥፍሯ ከፈት አድርጋ አጎነበሰች። «ሳሙና።»

የፍሪጁ ጀርባ። «አቧራ። እሱም የሁለት ዓመት፤ እዚያ እጇ አይደርስም ነበር።»

የሥራ ጃኬቱ። ሁሉም ትንፋሹን ያዘ። ሲስተር ሁለቴ አሸተተች። «ቲነር፣ ቲነር፣ አሁንም ቲነር። ሰውየው ከአንዳንዶቻችሁ ይሻላል።»

ቀቢው ወደ ልጁ አላየም። አለማየቱ ግን ለሁሉም ታየ።

ቀጥሎ የሹራቡ ፌስታል ነበር። ሲስተር ጫፉን ላጥ አድርጋ አፍንጫዋን አስገባች። ቆየች። ከሚገባው በላይ ቆየች። ከዚያ ጫፉን መልሳ ለጠፈችው።

«ምን ልጻፍ?» አለ አማቹ።

«እሷ ናት» አለች ሲስተር። «ሌላ ምንም የለበትም። እሷው ናት።»

አማቹ ምንም አልጻፈም።

ትንሿ መታጠቢያ ቤት ስትደርስ ማጎንበስም አላስፈለጋትም። ላስቲኩን ከወለሉ ነቀል ስታደርገው ወደ ኋላ ተመልሳ ሰልፈኞቹ ላይ ወደቀች። «ኧረ በሞቴ! ዝጉት! አገኘነው!»

ውሃ መውረጃው ደርቋል። ሲስተር ሆስፒታል ሳለች የምታውቀው ነገር ነው፤ ከቀዳዳው ሥር ቧንቧው ይታጠፋል፣ እጥፋቱ ውስጥ የሚቆመው ውሃ ነው የፍሳሹን አየር የሚያግደው። ማንም ካልተጠቀመበት በአንድ ሁለት ወር ይተንና መንገዱ ይከፈታል። ትንሿን መታጠቢያ ቤት ደግሞ ልጅቷ አግብታ ከወጣች ወዲህ የሚጠቀምባት የለም።

«ታዲያ እስከዛሬ ለምን አልሸተተም?» አለ አማቹ።

ቀቢው መልሱን ያወቀው ያን ጊዜ ነው። ታማ በተኛችባቸው ሁለት ወራት ቅዳሜ በመጣ ቁጥር ከአልጋዋ ሆና «ትንሿን መታጠቢያ ቤት ውሃ አጠጣሃት?» ትለው ነበር። ትኩሳቱ ነው የሚያስቀባጥራት፣ ክፍሉ አትክልት መስሏት ነው ብሎ፣ ልቧ እንዲያርፍ፣ ስምንት ቅዳሜ ሙሉ «አጠጥቻታለሁ» ብሏታል። ያን የሚያህል አፍንጫ እያላት ሁሌም «ጎበዝ» ትለው ነበር። በስተመጨረሻ እሷም ሳይሸታት ቀርቶ ይሆናል፤ ወይም ሸትቷት ይሆናል።

በጆግ ውሃ ቀድቶ አፈሰሰ። ሁለተኛ ቀዳ። ቀዳዳው ጎርጎር ብሎ ጠጣና ዝም አለ። መስኮቶቹ ተከፈቱ። ከግማሽ ሰዓት በኋላ አማቹ መሐል ሳሎን ቆሞ አየር ሳበና «ጠፍቷል… ማለቴ፣ በከፍተኛ ደረጃ ቀንሷል» ሲል አረጋገጠ።

ልጅቷ ግን እጅ አልሰጠችም። «ግን አባዬ፣ የደረቀው እኮ አንተ ስለረሳህ ነው።»

«አልረሳሁም። ዋሸኋት።»

«ምን?»

«አጠጥቻለሁ እያልኩ ዋሸኋት። አሁን የምዋሸው ሰው የለኝም፤ ቅዳሜ ቅዳሜ አጠጣለሁ። ያወጣሽውን ሻንጣ መልሺው።»

«ጋዙስ?»

«ጠዋት ጠዋት እኔ ገብቼ አሸትታለሁ» አለች ሲስተር። «ቁርስ ካለው።»

«አለው» አለ ቀቢው።

ልጅቷ ባሏን አየች። ባሏ ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተ። ከዚያ እንደ እናቷ እጅጌዋን ሰብስባ ፕላስተሩን ከየቦታው ትልጥ ጀመር፤ ቅሬታዋን ሁሉ በፕላስተሩ ላይ ተወጣችው። ላስቲኩን እያጨማደደች ከረጢት ሞላች። ጃኬቱን አውጥታ ሰቀለች። በመጨረሻ ወደ ሹራቡ እጇን ዘረጋች።

ቀቢው ቀደማት። ፌስታሉን ጭኑ ላይ አስቀመጠ፣ ሲስተር የከፈተችው ጫፍ ላይ አዲስ ፕላስተር ደረበ፣ አንዴ፣ ሁለቴ፣ ሦስቴ። የበር መቃን ጠርዝ ሲያሽግ እንደሚያደርገው በአውራ ጣቱ ከዳር እስከ ዳር ተጫነው። አየር እንደማያወጣ ለማወቅ ጆሮውን አስጠግቶ አዳመጠ።

«አባዬ» አለች ልጁ፤ አጠገቡ ቁጭ ብላለች። «አንተ እኮ አይሸትህም። ምን ያደርግልሃል?»

«አልነግርሽም» አለ።