ሜዳ የሌለው ባለሜዳ

ቢሮ ብለው የሚጠሩት ከላውንደሪ ቤት በላይ ያለችውን አንዲት ክፍል ነው። ከሥር ካውያው በተነፈሰ ቁጥር ወለሉ ስለሚሞቅ ዝናብ እየጣለ እንኳ መስኮቱን ከፍተው ይውላሉ። ዕቃው ሁለት ጠረጴዛ፣ ሦስት ኮምፒውተርና አንድ እግሩ በጡብ የተደገፈ ሶፋ ነው። ሶፋው የአጎቷ መቀመጫ ነው። እሷ ጀርባዋን ለመስኮቱ ሰጥታ ትቀመጣለች፤ መንገዱን ካየች ሐሳቧ ከመንገደኛው ጋር እየሄደ ያስቸግራታል።

ቤተሰቡ «ቀማሪዋ» ይላታል። መድን ድርጅት ውስጥ በዓመት የስንት ሰው ቤት እንደሚቃጠል፣ የስንቱ መኪና እንደሚጋጭ ስታሰላ የኖረች ናት። ማን እንደሚጋጭ አታውቅም፤ ከሺው ስንቱ እንደሚጋጭ ግን ታውቃለች። አጎቷ የእናቷ ታናሽ ወንድም ናቸው። ዕድሜ ልካቸውን አገር አቋራጭ አውቶቡስ የነዱ፣ በየፌርማታው ወዳጅ ያላቸው፣ ኳስ ሲያዩ ከተጫዋቹ በላይ የሚደክማቸው ሰው።

ነገሩ የተጀመረው በአንድ የቤተሰብ ምሳ ላይ ነው። አጎቷ የአምስት ጨዋታ ቲኬት ቆርጠው፣ አራቱ ይዞላቸው አምስተኛው ስላበላሸባቸው ሲበሳጩ፣ እሷ ሳህኗን ገፋ አድርጋ፣

«ጋሼ፣ እርስዎ የሚያስይዙት ማን ያሸንፋል ብለው ነው» አለች።

«ታዲያ ማን ይሸነፋል ብዬ ላስይዝ?»

«ዋጋውን አይተው። አንድ ሰው ሳንቲም ወርውሮ፣ ዘውድ ከወጣ ያስያዙትን ሁለት ተኩል እጥፍ አድርጌ እከፍላለሁ ቢልዎ ይገባሉ?»

«ዘውድ ላይወጣ ይችላላ።»

«ይችላል። አንዴ ብቻ ከወረወራችሁ የዕድል ነገር ነው። ሺህ ጊዜ ከወረወራችሁ ግን ግማሽ ያህሉ ዘውድ ነው፤ ሰውየው ከስሮ ቤቱ ይገባል። ውርርድ ቤት የሚያወጣው ኦድም፣ ያስያዙትን ስንት እጥፍ እንደሚከፍሉ የሚናገረው ቁጥር፣ እንደዚያው ዋጋ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ለእነሱ ያደላል፤ አልፎ አልፎ ግን ይሳሳታሉ። እኔ ብሆን የተሳሳቱበትን ብቻ እየለቀምኩ እገዛ ነበር፤ ቡድኑን ብወደውም ብጠላውም።»

አጎቷ ያን ቀን ቲኬታቸውን አጥፈው ኪሳቸው ከተቱ። ከጥቂት ወራት በኋላ አውቶቡሳቸውን ሸጠው መጡ።

«ዕድሜዬን ሙሉ ሰው ሳሳፍር ኖሬያለሁ» አሏት። «እስቲ አሁን አንቺ ንጂና እኔ ልሳፈር።»

እምቢ አለች። ደግማም እምቢ አለች። ሲመላለሱባት ጊዜ ከመድን ድርጅቱ ለቀቀች።

ያለፉትን ዓመታት ጨዋታዎች ለቅማ፣ ማን ስንት ጊዜ ወደ ግብ እንደመታ፣ ከየት ርቀት እንደመታ፣ በሜዳው ነው ወይስ በእንግድነት የሚለውን ሁሉ ለኮምፒውተሩ አስተማረች። ኮምፒውተሩ ለየጨዋታው የራሱን ግምት ያወጣል፤ ግምቱና ኦዱ ሲራራቁ አጎቷ በስልካቸው ያስይዛሉ። ሕጓ ጥቂት ነበር። በአንድ ጨዋታ ላይ ካላቸው ከመቶ አንድ እጅ በላይ አይወጣም። አጎቷ የሚደግፉት ክለብ ጨርሶ አይነካም። ሲያሸንፉም «አላልኩም ነበር?» አይባልም። ይህን የመጨረሻውን ሕግ አጎቷ አንድም ቀን አክብረውት አያውቁም።

የመጀመሪያው ዓመት እንደ ዕንቁላሉ ቀስ በቀስ በእግሩ ሄደ። ሁለተኛው የተሻለ ነበር። በሦስተኛው ዓመት ግን መሸነፍ ጀመሩ።

መጀመሪያ ማንም አልደነገጠም። ቀጥሎ ሳምንቱ ሳምንትን እየጎተተ ሲሄድ የአጎቷ ወሬ ቀነሰ። ሶፋው ላይ ተቀምጠው ስልካቸውን በጉልበታቸው ላይ ደፍተው ይውላሉ። አንድ ቀን ሚስታቸው ምሳ ይዘውላቸው መጡና ክፍሏን ቃኘት አድርገው፣

«አውቶቡሱስ ድሮም መሬት ላይ ነበር» አሉ። «የእናንተ ላም ግን ሰማይ ላይ ናት መሰለኝ።»

ሦስቱም ሳቁ፤ ቀማሪዋ ግን ምሳዋን ትታ ወደ ኮምፒውተሩ ዞረች። ትክክለኛ ሒሳብም ክፉ ዘመን እንደሚገጥመው ታውቃለች። መድን ድርጅት እያለች አለቆቿ አንድ መጥፎ ዓመት ባዩ ቁጥር ሲንጫጩ፣ ዝም ብላችሁ ጠብቁ የምትል እሷ ነበረች። ግን ሌላም የምታውቀው ነገር አለ፤ ዕድል የቀናው ሰው ራሱን አዋቂ አድርጎ ይቆጥራል። ያለፉት ሁለት ዓመታት ዕውቀት ነበሩ ወይስ እንዲሁ ነፋስ ነፍሶላቸው? ይህን ጥያቄ አጎቷ ፊት አንስታው አታውቅም። እሳቸውም አልጠየቋትም፤ አለመጠየቃቸው ነው የበለጠ የከበዳት።

በዚህ መሐል ኮምፒውተሩ አንድ ጨዋታ አወጣ። በታችኛው ሊግ፣ ስሙ ብዙም በማይጠራ ክለብ ሜዳ የሚደረግ የቅዳሜ ጨዋታ ነው። እሷ ባለሜዳው ከሁለት ጨዋታ አንዱን ያሸንፋል ትላለች፤ ውርርድ ቤቱ ከአራት አንዱን እንኳ አያሸንፍም ብሎ እንደሚያስብ ሰው ነው ኦዱን የሰቀለው። እንዲህ ያለ ልዩነት ከጀመሩ ወዲህ ታይቶ አይታወቅም።

አጎቷ ከሶፋው ተነሡ። «ይኸው» አሉ ዝግ ብለው። «ይቺን አጥብቀን እንያዛት። ከመቶ አንድ እጅ ምን ታደርጋለች? ሩቡን እናስይዝና የጠፋውን አንዴ እንመልሰው።»

«ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል፣ ጋሼ።»

«ታዲያ ለምን አወጣሽው?»

«እኔን የሚያስፈራኝ ልዩነቱ ነው። ገበያው እንዲህ አብዶ አያውቅም። አንዳችን አብደናል ማለት ነው፤ ማናችን እንደሆንን ልይ።»

ከሰዓቱን ሁሉ አጎቷ በክፍሏ ሲንጎራደዱ፣ እሷ የዓመቱን ውርርዶች በየሊጉ ከፋፈለቻቸው። ማሸነፍና መሸነፉን ተወችው። ያየችው ሌላ ነገር ነው። አንድ ሰው ካስያዘ በኋላ ጨዋታው እስኪጀመር ድረስ ኦዱ ይንቀሳቀሳል። ያስያዘው ሰው ያየው እውነት ከሆነ ሌሎች አዋቂዎችም ተከትለው ስለሚያስይዙ ኦዱ ይወርዳል፣ ክፍያውም ያንሳል፤ እሱ ሳይወደድ ገዝቷል ማለት ነው። በትልልቆቹ ሊጎች እንደ ድሮው ነበር፤ እሷ ከገዛች በኋላ ኦዱ ይወርድ ነበር። እዚያ የደረሰባቸው ሽንፈት ትንሽና የዕድል ነገር ነው። በታችኛው ሊግ ግን፣ እሷ በገዛች ቁጥር ኦዱ ወደ ላይ ይወጣል።

«እዚያ ሰው ሁሉ የሚያውቀው፣ እኛ ብቻ የማናውቀው ነገር አለ» አለች።

«ምንድን ነው እሱ?»

«ከዚህ አይታይም። ቅዳሜ ሄደን እንየው።»

አጎቷ መንጎራደዳቸውን አቆሙ። ከዚያ ጃኬታቸውን አነሡ። «መሪ የምይዝበት ሥራ ተገኘ» አሉ።

ቅዳሜ በተዋሱት መኪና ሄዱ። ስታዲየሙ ትንሽ ነው፤ የሲሚንቶ ደረጃ፣ ቀለሙ የለቀቀ የቲኬት መስኮት፣ በሽቦ የታጠረ ሣር። ገና ሰዓት ስለነበር በሩ አጠገብ ቆመው ሳለ አንድ አቧራ የለበሰ አውቶቡስ መጥቶ ቆመ። ተጫዋቾቹ ወገባቸውን ይዘው እያቃሰቱ ወረዱ። አንደኛው አቅለሽልሾት ጎማውን ተደግፎ ቆመ።

አጎቷ በሹፌር ዓይን አዩዋቸው። «እንግዶቹ ናቸው። ያንን ጠመዝማዛ ይዘው ነው የመጡት፤ ፊታቸው ላይ ይነበባል።»

የግብ ጠባቂ ጓንት ያደረገ ረጅም ልጅ ወደ ጥበቃው ተጠጋ። «አባባ፣ መልበሻ ክፍሉ በየት በኩል ነው?»

«የትኞቹ ናችሁ?» አሉ ጥበቃው።

«ባለሜዳዎቹ።»

ቀማሪዋ ዞር አለች። ግብ ጠባቂው እስኪሄድ ጠብቃ ጥበቃውን ጠየቀቻቸው። «ባለሜዳ ከሆኑ እንዴት መልበሻ ክፍላቸውን አያውቁትም?»

«ወዴት ያውቁታል ልጄ? ሜዳቸው ተዘጋባቸው። ዘንድሮ የሊጉ መርማሪዎች መጥተው የስንቱን ክለብ ሜዳ ከለከሉ። አንዱ አጥር የለውም፣ የአንዱን ሣር ጎርፍ ወስዶት ድንጋይ ብቻ ነው የቀረው። ሁሉም እየመጡ እዚህ ይጫወታሉ። ባለሜዳ የሚባሉት በወረቀት ነው።»

«እንግዶቹስ ከየት ነው የሚመጡት?»

ጥበቃው ሳቁ። «ከወንዙ ማዶ ናቸው። ቢፈልጉ በእግራቸው ይመጡ ነበር። ደጋፊያቸው ገብቶ ሞልቷል፤ ይሰማሻል?»

ከውስጥ የከበሮና የጭብጨባ ድምፅ ይሰማ ነበር። ቀማሪዋ የሲሚንቶው ጠርዝ ላይ ቁጭ አለች። ትከሻዋ ይንቀጠቀጥ ጀመር። አጎቷ የምታለቅስ መስሏቸው ጎንበስ አሉ።

«ምን ሆንሽብኝ?»

እየሳቀች ነበር። «ጋሼ፣ ሒሳቡ ደኅና ነው። ባለሜዳ ለሆነ ሁሉ ተጨማሪ ነጥብ እሰጣለሁ፤ ቤቱ አድሮ፣ የራሱን ሣር ረግጦ፣ በራሱ ሰው ፊት ስለሚጫወት። እነዚህ ግን ሜዳ የላቸውም። ኮምፒውተሩ ዓመቱን ሙሉ ቤት ለሌለው ሰው የቤት ጥቅም ሲቆጥር ነው የከረመው። እንግዳውን ባለሜዳ፣ ባለሜዳውን እንግዳ አድርገን ስናስይዝ ከረምን።»

አጎቷ ወደ አቧራማው አውቶቡስ ዞረው አዩ። «እና ሌላው ሁሉ ልክ ነው?»

«ሌላው ልክ ነው። የሚስተካከል ስሕተት ነው ጋሼ። ስሕተት ብቻ ነው።»

ከእሷ አፍ «ስሕተት» የሚለው ቃል እንዲህ ደስ ብሎት ወጥቶ አያውቅም። ወራት ሙሉ ደረቷ ላይ የተቀመጠው ድንጋይ ሲነሣ ተሰማት። አጎቷም አጠገቧ ቁጭ ብለው በረጅሙ ተነፈሱ። ያን ጊዜ ነው እሳቸውም የእሷኑ ጥያቄ በሆዳቸው ይዘው እንደከረሙ የገባት።

አንድም ሳያስይዙ ገብተው ጨዋታውን አዩ። ባለሜዳው በረጅም መንገድ የዛለ እግሩን እየጎተተ ጀመረ። ቀድሞ ገባበት። ከዕረፍት በኋላ ግን ያ ጎማ ተደግፎ የቆመው ልጅ ሁለት አገባ፣ ሦስተኛውን አቀበለ። ባለሜዳው ሦስት ለአንድ አሸነፈ።

ቀማሪዋ አጎቷን ለማየት ፈራች። ሩቡን አስይዘው ቢሆን ኖሮ የጠፋው ሁሉ ተመልሶ ይተርፍ ነበር። ሕዝቡ እስኪወጣ ሁለቱም ከደረጃው አልተነሡም።

«ወጣት ሳለሁ» አሉ አጎቷ በመጨረሻ፣ «ጭፍን መታጠፊያ ላይ አንድ የጭነት መኪና ቀደምኩ። ከፊት ማንም አልመጣም። ተሳፋሪው አጨበጨበልኝ፤ እኔ ግን ቀጣዩ ከተማ ስደርስ ሞተሩን አጥፍቼ መንገድ ዳር ቁጭ አልኩ። መኪና አለመምጣቱ የኔ ጉብዝና አልነበረም።» ተነሥተው ሱሪያቸውን አራገፉ። «ዛሬም ማንም አልመጣም። ባለመቅደማችን ግን ደስ ብሎኛል።»

እሷም ተነሣች። ክንዳቸውን ያዘች።

ሲመለሱ ሚስታቸው ደወሉ፤ አጎቷ ስልኩን ድምፁ እንዲሰማ አድርገው ያዙት።

«እህ፣ አሸነፋችሁ?»

«አላስያዝንም።»

«ያሰባችሁት ቡድንስ?»

«አሸነፈ።»

ሚስታቸው የሁለቱን ሳቅ ሰሙ። «ታዲያ ምን ያስቃችኋል?»

«ቤት ስገባ እነግርሻለሁ» አሉ አጎቷ። «ብቻ ላሚቱ ወርዳለች፤ እንግዲህ ማለብ ነው።»

ሰኞ ቀማሪዋ ሜዳቸው የተዘጋባቸውን ክለቦች አንድ በአንድ ለይታ የባለሜዳነቱን ነጥብ ሰረዘችና ዓመቱን እንደገና አሰላችው። ኮምፒውተሩ አብዛኞቹን የተሸነፉባቸውን ውርርዶች ከመጀመሪያውም ሳይነካቸው አለፈ። ከዚያ በኋላ የጠፋው የተመለሰው በአንድ ጊዜ አይደለም። ወደፊትም ወደኋላም እያለ፣ የውድድር ዘመኑ ሲዘጋ ከነበሩበት ጥቂት ከፍ ብለው ተገኙ። የአጎቷ ሚስት ምሳ ማምጣቱን አልተዉም፤ ነገር መወርወሩን ግን ቀነሱ።

አጎቷ አንዳንድ ቅዳሜ ወደዚያች ስታዲየም ብቻቸውን ይነዳሉ። አያስይዙም፤ አሁን የሚደግፉት እነዚያን ሆኗል፣ ሕጉ ደግሞ የሚደግፉት ክለብ አይነካም ይላል። ቲኬት ቆርጠው ባዶው ወገን ይቀመጡና ሜዳ ለሌላቸው ይጮሁላቸዋል። ሰኞ ቢሮ ሲገቡ ድምፃቸው ዘግቶ ነው።