ፕላስተር ያልተለጠፈበት ቀን

ከሰልና መስታወት አሥራ ስምንት ዓመት በአንድ ግቢ ውስጥ አሮጌ መኪና ሲያድሱ ኖረዋል። ስሙን ያወጡላቸው ደንበኞች ናቸው። አንደኛው የመኪናውን ቀለም በፖሊሽ አሽቶ አሽቶ ፊት የሚያሳይ ስለሚያደርገው መስታወት ተባለ። ሌላኛው በፀሐይ ብዛት አመድ የመሰለውን ጥቁር ፕላስቲክ፣ ፓራውልቱን፣ የበሩን ጠርዝ፣ የስፖኪዮውን ልባስ፣ ወደ ድሮ ጥቁረቱ ስለሚመልስና ጣቶቹም አብረው ስለጠቆሩ ከሰል ተባለ። ስም ሲወጣ እንኳ ዕድል አዳልታለች፣ ይል ነበር ከሰል በሆዱ።

ያዳላችው በስም ብቻ ቢሆን ደግ ነበር። መኪናው ሲያልቅ ደንበኛው ሮጦ የሚሄደው ወደ ኮፈኑ ነው። ጎንበስ ብሎ ፊቱን ያይበታል፣ ፀጉሩን ያስተካክልበታል፣ ከዚያ የመስታወትን እጅ ጨብጦ አልለቅም ይላል። ጥቁሩን ፕላስቲክ ማን ያየዋል? በደንብ ከተሠራ ማንም ልብ አይለውም፤ ዓይን ውስጥ የሚገባው ሲበላሽ ነው። ከሰል ይህን ሁሉ ችሎ ኖሯል። ያልቻለው የልጁን ነገር ነው።

ልጁ አንድ ናት። ትንሽ ሳለች መስታወት ብስክሌቱ ላይ አፈናጦ ትምህርት ቤት ያደርሳት ነበር፤ ያኔ የጀመሩት ሳቅ እስከ ዛሬ አላለቀም። ጋሼ ትለዋለች። ባለፈው ሳምንት መስታወት ገና በሩን ከፍቶ እንደገባ፣ "እንኳን ደስ ያለህ፣ ልጃችን መኪና ገዛች አይደል" አለው። ከሰል ወሬውን የሰማው ያን ጊዜ ነው። "አዎ፣ ነግራኛለች" አለ፣ ዓይኑን ከባልዲው ሳያነሳ። ያቺ "ልጃችን" የምትል ቃል ቀኑን ሙሉ እንደ ቃር ጉሮሮው ላይ ቆማ ዋለች። ቤት ገብቶ ሚስቱን ሲያፋጥጣት እሷም አልደበቀችውም፤ ገና ሳታየው እንከኑን ትቆጥርባታለህ ብላ ፈርታህ ነው አለችው።

ቅዳሜ ጠዋት ልጅቷ መኪናዋን ራሷ እየነዳች ግቢ ገባች። ጥቁር ሰማያዊ፣ ዕድሜው ከአሥራ አምስት ዓመት የማያንስ መኪና ነው። ሞተሩን ሳታጠፋ "ጋሼ" ብላ ተጣራች። አባቷ ከእሷ ሦስት እርምጃ ርቆ የውኃ ጎማ እየጠቀለለ ነበር።

መስታወት እጁን በሱሪው እየጠረገ መጣና መኪናውን ሁለት ጊዜ ዞረው፤ ሙሽራ እንደሚያይ ሰው አንገቱን አዘንብሎ "እሰይ፣ እሰይ" አለ። ከሰልም ቀረብ አለ። ደግ ነገር ሊናገር አስቦ ነበር፤ እውነቱን ነው፣ አስቦ ነበር። ግን ዓይኑ የለመደውን አየና "ፕላስቲኩ ላይ ሻጩ ዘይት ቀብቶበታል፣ ያታለለሽ በሱ ነው" የሚለው ቀድሞ ከአፉ ወጣ። የልጅቷ ፊት ክስም አለ። መስታወት ወዲያው ስለ ወንበሩ ምቾት አንድ ቀልድ ጣል አደረገና መልሶ አሳቃት። ከሰል ምላሱን ነከሰ፤ ከተናገረ በኋላ ምን ይጠቅመዋል።

ሥራው የሚጀመረው በእሱ ነው። ሞቅ ያለ ውኃና ሳሙና በባልዲ ይዞ፣ በጥርስ ብሩሽ የፕላስቲኩን ሸካራ ገላ ቀዳዳ በቀዳዳ ፈተገው። የሻጩ ዘይት ከአቧራ ጋር ተቦክቶ ግራጫ አረፋ ሆኖ ወረደ። አጠበ፣ በጨርቅ አደረቀ፣ ጥላ ውስጥ አናፈሰው። አሁን ፕላስቲኩ ነጣ ብሎ፣ ደርቆ፣ የነካውን ሁሉ የሚጠጣ ሆኗል። ፕላስተር የሚለጠፈው በዚህን ጊዜ ነው። መስታወት የሚያሽበት ነጭ ፖሊሽ ደረቅ ፕላስቲክ ላይ ካረፈ ሸካራው ውስጥ ገብቶ ይነጣል፣ ማቅለሚያ ቢቀቡትም ዥጉርጉር ሆኖ ይቀራል። ሥራ በጀመሩበት ዓመት መስታወት የአንዲት አስተማሪን መኪና እንደዚያ አበላሽቶ፣ ከሰል ሁለት ቀን ሙሉ ሲፈትግ ሰንብቶ ነበር። ከዚያ ወዲህ ጓደኛው የፖሊሽ ማሽኑን ከመያዙ በፊት ከሰል ጠርዙን በሙሉ በወረቀት ፕላስተር ሳይሸፍን ቀርቶ አያውቅም። አሥራ ስምንት ዓመት፣ አንድ መኪና ሳይዘል።

ያን ቀንም የፕላስተሩን ጥቅል በእጁ ይዞ ቁጢጥ ብሎ ነበር። ከኮፈኑ ወዲያ ልጁ መኪናውን መጀመሪያ የነዳችበትን ቀን ለመስታወት ታወራለታለች። ዳገት ላይ ሞተር ጠፍቶባት፣ ከኋላዋ ያለው ሁሉ ጡሩምባ ሲነፋባት። ሆዷን ይዛ ትስቃለች። ይህን ታሪክ ለከሰል አልነገረችውም፤ ለእሱ ሆዷን ይዛ ስቃ የነገረችው ምንም ነገር ትዝ አላለውም። ጥቅሉን መልሶ ኪሱ ከተተው።

ምን እንዳሰበ በግልጽ መናገር ይሻላል። ፖሊሹ ጠርዙን ሁሉ ይለቀልቀዋል፣ ልጅቷ ታያለች፣ ትደነግጣለች፤ ጋሼ የሚለው ይጠፋዋል። ያኔ ዞራ የምትመጣው ወደ አባቷ ነው። እሱ ደግሞ ማውጫውን ያውቃል፤ ሁለት ቀን ይፍጅ፣ ሦስት፣ ንጹሕ አድርጎ ያስረክባታል። አባቷ ምን እንደሚችል አንድ ጊዜ እንኳ ትየው።

"ያንተ ነው" አለ ለመስታወት፣ ፊቱን ሳያይ፣ እና ሌላ ደንበኛ የተወውን የወለል ምንጣፍ ሊያጥብ ወደ ጓሮ ሄደ።

ከጓሮ ሆኖ ጆሮውን ጣለ። ማሽኑ አንድ ሰዓት ያህል ኮፈኑና ጣሪያው ላይ ሲያጉረመርም ቆየና ቀጥ አለ። ከሰል ጠበቀ። ማሽኑ አልተነሳም። የሚሰማው ዝቅ ያለ ወሬ ብቻ ነው፤ የመስታወት ድምፅ፣ ከዚያ የእሷ፣ ከዚያ ዝምታ። ሥራውን ትቶ ከልጄ ጋር ቁጭ ብሎ ያወጋል ማለት ነው፣ አለ በሆዱ። ምን ቢያወሩ ነው እንዲህ ድምፃቸውን የሚቀንሱት? ስለ እሱ ይሆናል። ያንኑ ምንጣፍ ሦስቴ አጠበው። ልጅቷ ዳቦ ገዝታ ና ብላ ስትልክበት አልራበኝም አለ፤ ርቦት ነበር።

ዘጠኝ ሰዓት ሲል ጠሩት። ከሰል ፊቱን አዘጋጀ፣ የሚደነግጥ ሰው ፊት፣ እና ወጣ።

ወደ ኮፈኑ አላየም። በቀጥታ ከፊተኛው ጎማ በላይ ባለው ጠርዝ ሥር ተንበረከከ። ምንም የለም። በጣቱ ዳሰሰው፤ ደረቅ ነው፣ ንጹሕ ነው። ወደ በሩ ሄደ። ከዚያ ወደ ስፖኪዮው፣ መቼም እዚያ ሳይነካ አይቀርም ብሎ ወደ እጀታው ሥር፣ ወደ ኋላ ፓራውልት ጥግ። መኪናውን በሙሉ በርከክ እያለ ዞረው። ቀለሙ እስከ ጫፉ ያበራል፣ ፕላስቲኩ ላይ ግን የሰናፍጭ ፍሬ የምታህል ነጭ ነጥብ የለችም።

ቀና ሲል መስታወት ሳጥን ላይ ተቀምጦ ነበር። ቀኝ ክንዱን በግራ እጁ ያሻል፤ አመልካች ጣቱ ላይ የጠቀለለው ጨርቅ ገና አልተፈታም።

"አገኘህ?" አለ መስታወት ፈገግ ብሎ። "አታገኝም። ጠርዙን በሙሉ በጣቴ ነው የሠራሁት።"

ከሰል ከጉልበቱ ላይ አቧራውን አራገፈ።

"የአስተማሪዋን መኪና ካበላሸሁ ወዲህ" አለ መስታወት፣ "ጠዋት ጠዋት ፕላስተር ስትለጥፍ ባየሁ ቁጥር፣ ይሄ ሰው አሁንም እጄን አያምነውም እል ነበር። አንድ ቀን አልነገርኩህም፤ ምን ብዬ እነግርሃለሁ? ዛሬ ግን ጠርዙን ባዶውን ሳየው፣ ያውም በልጅህ መኪና..." ቀሪውን ሳይጨርስ ተነሣና ደክሞኛል፣ ልግባ ብሎ ኮቱን አነሳ። ከበሩ ሲወጣ እንደ ጎረምሳ ያፏጫል።

ልጅቷ አባቷን ጉንጩ ላይ ሳመችው። ጋሼ ሊያለቅስ ምንም አልቀረውም ነበር አለችው፤ አባትሽ ዛሬ በፊትሽ ያደረገልኝን እዪ እያለ አራት ሰዓት ሙሉ እንደ መርፌ ሥራ ሲለፋ ዋለ። ከዚያ እጅጌዋን ሰበሰበችና ስፖንጅ ይዛ አጠገቡ ቁጭ አለች። የሚቀረው ጥቁሩን ማቅለሚያ መቀባት ነው፣ እሱ ደግሞ የከሰል ፋንታ ነው። ስስ አድርጎ መቀባትን፣ ፕላስቲኩ እስኪጠጣው መጠበቅን አሳያት። ቀኑን ሙሉ የተመኘው ይሄንኑ ነበር። አሁን አጠገቡ ተቀምጣ ትከሻዋ ትከሻውን እየነካው፣ ደስታው አልወርድ አለው።

"አባዬ፣ እስከ ዛሬ ለምን እንደዚህ አላመንከውም?"

"ዛሬም አላመንኩትም።"

"እንዴት?"

"እንዲያበላሸው ፈልጌ ነው። አንቺ እያየሽ።"

ስፖንጁ እጇ ላይ ቆመ። "በእኔ መኪና?"

"በአንቺ መኪና። ጋሼ ብለሽ ስትጣሪ ሦስት እርምጃ ላይ ነበርኩ።"

ስፖንጇን ማቅለሚያው ውስጥ ነከረች። ከዚያ ተነሥታ ወደ መኪናው ወዲያኛው ጎን ሄደች፤ ከጣሪያው በላይ ፀጉሯ ብቻ ይታየዋል። ትታኝ ልትሄድ ነው፣ አለ በሆዱ። ስትናገር ድምፅዋ ደረቅ ነበር።

"ለእሱ እንዳትነግረው። ይሞታል።"

"አልነግረውም።"

"ፕላስተርም ከእንግዲህ የለም። ሰማህ?"

"ሰማሁ።"

ትንሽ ቆይታ ደግሞ፣ "ና እስቲ" አለች፣ አሁንም ሳታየው፣ "የዚህኛው በር ጠርዝ ዥጉርጉር ሆነብኝ። ምን ላድርገው?" ከሰል ስፖንጁን ይዞ ዞሮ ሄደ።

ሰኞ ጠዋት አንድ ቀይ አሮጌ መኪና ገባ። ከሰል ፕላስቲኩን አጠበ፣ አደረቀ። መስታወት ግድግዳው ሥር ጨርቅ ጣቱ ላይ እየጠቀለለ እንዳላየ ሆኖ ያየዋል። ከሰል ፕላስተሩን ኪሱ ውስጥ ዳሰሰው፣ አላወጣውም። ያንተ ነው ብሎ ራቀ፤ ቀኑን ሙሉ ልቡ ተንጠልጥሎ ዋለ። ማቅለሚያውን ሊቀባ ሲመለስ ከግራው ስፖኪዮ ሥር ሁለት ነጫጭ ነጥቦች አገኘ። ቀና ብሎ አየ። ባለመኪናው ኮፈኑ ላይ ፊቱን አይቶ ጨርሶ የመስታወትን እጅ ጨብጧል፣ አልለቅም ብሏል። ቃሩ እንደ ወትሮው ጉሮሮው ድረስ መጣበት። ከሰል ጀርባውን ለሁለቱም ሰጠና፣ የጥርስ ብሩሹን ሞቅ ያለ ውኃ ውስጥ ነክሮ፣ ነጥቦቹ እስኪለቁ ድረስ በዝግታ ፈተጋቸው።