ሦስተኛው ምስክር

ጧ። ዝም። ደግሞ ጧ። በመራጮች ምዝገባ ቢሮው ከመጋረጃው ጀርባ ማህተም ይመታል። ሀጂራ በተመታ ቁጥር ድንግጥ ትላለች።

መጋረጃው ሲገለጥ ጸሐፊው ቃለአብ ማኪያቶውን እያማሰለ ነበር።

«እማማ፣ አባትዎ የመናዊ ነበሩ ይላል እዚህ።»

«ዜግነት ወስዷል። ወረቀቱ እሪ በከንቱ የነበረው ቤታችን ሲፈርስ ጠፋ። እኔ እንደሆንኩ ምርጫ በመጣ ቁጥር መርጫለሁ።»

«አዲሱ የሕገ መንግሥት ማሻሻያ እናቱ ወይም አባቱ የውጭ ዜጋ የሆነ ሰው አይመርጥም ይላል።»

«ገና ረቂቅ አይደለም እንዴ?»

«ጣራ የሚታደሰው ዝናብ ሳይመጣ ነዋ።»

ከኋላዋ ተራ የሚጠብቀው ሰልፈኛ ሳቀ።

ወረቀት ለጠፋበት ሰው ሦስት ምስክር ይበቃል። ጎረቤቶቿ አሰፋችና ዘይኑዲን ጠዋት ፈርመውላታል። የቀረው የእድሩ ዳኛ ገብረክርስቶስ ነው። ከሀጂራ ጋር በአንድ ግድግዳ አርባ ዓመት ተጎራብተዋል። ሚስቱ ስትሞት የእሱ ደጅ ጠቦ የለቅሶው ድንኳን የተተከለው በሀጂራ ግቢ ነበር። የሰፈሩን ሙሽሮች ክራባት ሁሉ ያሰረው እሱ ነው፤ ዛሬም ራሱ ክራባት አስሮ መጥቷል።

ሊፈርም እስክሪብቶውን አነሳ።

«አባባ፣ አንዴ ይቆዩኝ» አለ ቃለአብ በትሕትና። «ለፈረሰው ቤትዎ ምትክ ቤት ጠይቀው የለ? ፋይልዎ እኔው ጋ ነው። ምስክርነቱ ሐሰት ከሆነ ሁለቱን ፋይል አብረን ነው የምናያቸው።»

እስክሪብቶው ወረቀቱ ላይ ሳያርፍ ቆመ።

«ገብሬ» አለች ሀጂራ ቀስ ብላ፤ «አባቴ ዜግነቱን ሊቀበል የሄደ ቀን ክራባት ማሰር አቅቶት አንተ ነህ ያሰርክለት። አብረኸውም ሄደሃል። ይቺን ብቻ ንገራቸው።»

«እስቲ ይንገሩን አባባ። አስረውላቸው ነበር?» አለ ቃለአብ።

ገብረክርስቶስ ጉሮሮውን ጠረገ።

«እኔ ክራባት ማሰር አልችልም።»

ከሰልፉ አንዱ «አንገትዎ ላይ ያለውንስ ማን አሰረልዎ?» አለ። ሳቁ ኮሪደሩን ሞላው። ሀጂራ ብቻ አልሳቀችም፤ ዓይኗ የክራባቱ ቋጠሮ ላይ ነበር። ቋጠሮው የአባቷ ፎቶ ላይ ያለው ዓይነት ነው፤ ወደ ግራ ዘንበል ያለ።

ቃለአብ ማስመሪያውን ስሟ ላይ አስተካክሎ አስቀመጠና በቀይ ሰረዘው። ጧ።

«የሚቀጥለው።»

«ገብሬ?» አለች።

ገብረክርስቶስ እስክሪብቶውን ከድኖ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። ባርኔጣውን ደፋ፤ በሰልፉ መሃል አልፎ ወደ ራስ መኮንን ድልድይ የሚወስደውን ቁልቁለት ያዘ።