መቀነት የታጠቀው ጭራ

እማማ ዓባይነሽን ያንገበገባቸው አዞው አልነበረም፤ «አላዩም» መባላቸው ነው። ከቡሬ ወደ ነቀምቴ በሚወርደው ቆላ ተወልደው፣ አርባ ክረምት ከዓባይ ዳር ከብት ያጠጡ ሴት፣ ትናንት ከመጣ ባለሙያ አንሰው ተገኙ!

የግብርና ባለሙያው ገነነ ይባላል፤ ቀበሌው ከገባ ዓመት አልሞላውም። በነሐሴ የመጨረሻው እሑድ፣ ከቅዳሴ በኋላ፣ እማማ ዓባይነሽ ከመጠመቂያው ኩሬ ዳር የአዞ ግልገል አየሁ ብለው ሲናገሩ ስልኩን አውጥቶ ሕዝብ መሀል ሥዕል አሳያቸው።

«እማማ፣ አዞ ማለት ይኸውልዎት። ጭቃ የመሰለ፣ ጠቆር ያለ ነው። ቢጫና ጥቁር ነው ካሉ ያዩት አርጃኖ፣ ያ ትልቁ እንሽላሊት ነው። አርጃኖ እንቁላልና ጫጩት ይሰርቃል እንጂ ሰው አይነካም።»

«አንተ፣ ያሳየኸኝ እኮ ሽማግሌውን ነው! አንተስ ስትወለድ ጺም ነበረህ? የአርጃኖ መደቡ ጥቁር ነው፤ ቢጫው እንደ ሽንብራ የተበተነ ነው። የአዞ ልጅ መደቡ ቢጫ ነው፤ ጥቁሩ ከጀርባው እስከ ጭራው እንደ መቀነት ዞሮታል። የሚጨልመው ሲያረጅ ነው።»

ሰው ሳቀ። «ዓባይነሽ እኮ ዓይናቸው ፈዟል» ያለም አልጠፋ።

ሳቁንስ ይችሉት ነበር። ልጃቸው ያምሮት ግን አግብታ ስምንት ዓመቷ፤ ማሕፀኗ አልተከፈተም። ዘንድሮ በጳጉሜ ሦስት፣ ውሃ ሁሉ ጠበል በሚሆንበት በሩፋኤል ዕለት፣ ከሁሉ ቀድማ እስከ አንገቷ ኩሬው ውስጥ ልትገባ ተስላለች። ቤት ሲደርሱ፣ «እማዬ፣ እንድወልድ አትፈልጊም?» አለቻቸው።

«መውለድ በሕይወት ላለ ሰው ነው!» ብለው ጮኹባት። አኩርፋ ወጣች።

ከዚያ ወዲያ እግራቸው አልረጋም። ይቀመጡና ይነሳሉ፤ እሳቱን ሳያዳፍኑ፣ በሩን ሳይዘጉ ወደ ኩሬው ይወርዳሉ፤ ተመልሰው ይወጣሉ፤ ደግሞ ይወርዳሉ። በጳጉሜ ሁለት፣ ዝናቡ አባርቶ ፀሐይ ብልጭ ስትል፣ ግልገሎቹን አምስት ሆነው ድንጋይ ላይ ሲሞቁ አገኟቸው። አንዱም ክንድ አይሞላ። እንደ ጫጩት ይጣራሉ። ጫጩት ከሚጣራበት እናት አትርቅም። እማማ ዓባይነሽ ውሃውን አፍጥጠው አዩት፤ በጎርፍ ደፍርሶ ድፍድፍ መስሏል። ጭቃ የመሰለችውን እናት ከጭቃ ማን ይለያታል?

በሩጫ ቄስ ቴዎፍሎስ ቤት ሄዱ። «አባቴ፣ ነገ ውሃውን ከላይ ከምንጩ አስቀድተው ሜዳው ላይ ያጥምቁን።»

«ባለሙያው አርጃኖ ነው ካለ፣ ሕዝቡን ምን ብዬ ልመልሰው?»

«እኔ ያየሁ ሰው እያለሁ፣ ዳኛው ያላየው ሆነ?»

ቄሱ መስቀላቸውን አሳልመው አሰናበቷቸው።

በማግስቱ ገና በማለዳው እያካፋ አገሩ ሁሉ ኩሬው ዳር ፈሰሰ። ገነነም ነጠላ ለብሶ መጥቷል። እማማ ዓባይነሽ ክንዱን ጨምድደው ወደ ሸምበቆው ጎተቱት።

«እማማ፣ ቀስ! ሰው ያየናል።»

«ይየን! ዝቅ በልና እይ። መደቡ ምንድን ነው?»

ከሸምበቆው ሥር አንዷ ግልገል ተጋድማለች። ገነነ ጎንበስ አለ። «ቢጫ... አረንጓዴ ያለበት ቢጫ።»

«ጥቁሩስ? ተበትኗል ወይስ ዞሯል?»

ገነነ ጠጋ አለ። የጀርባዋን ጉጥ አየ፤ ጭራዋን የከበበውን ጥቁር እያየ ከንፈሩን አንቀሳቀሰ። ከዚያ ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ አፈገፈገ።

«እማማ፣ ልክ ነዎት» አላቸው በሹክሹክታ። «ግን እንዲህ በሕዝብ ፊት... ለቄሱ ብቻ ቀስ ብለን ብንነግራቸው?»

ቄስ ቴዎፍሎስ ጸሎቱን ጨርሰው መስቀላቸውን አነሱ። ያምሮት ነጠላዋን ለጎረቤቷ ሰጥታ ወደ ውሃው ወረደች፤ ቁርጭምጭሚቷ ገባ።

«ያምሮት! ነይ ውጪ!»

አልዞረችም። ጉልበቷ ገባ። «ዛሬም ጀመራቸው» አለ አንዱ ከኋላ።

እማማ ዓባይነሽ የገነነን ክንድ አልለቀቁም።

«በጆሮዬ የነገርከኝን እኔ ድሮም አውቀዋለሁ! ልጄ የኔን አፍ አትሰማም፤ የምትሰማው ያንተን ነው። ዙርና በሙሉ ድምፅህ ተናገር፤ ‹የአዞ ልጅ ነው፤ እኔ ነኝ የተሳሳትሁ፤ ውጡ› በል። በል እንጂ፣ አሁኑኑ በል!»